በቫይረስ የተያዘ መሥሪያ ቤት ዝም አይበል

ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ አዲስ አበባ
በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በሊበንና በዙሪያቸው ለሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት

ጉዳዩ፦ በኢሜይል አባሪ የሚገባ የጓሮ በር ቫይረስ ሲገኝ ለሚመለከታቸው ሁሉ እንዲነገር ስለመጠየቅ



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከሊበን ነው። የምተዳደረው በኮምፒውተር ጥገናና በጽሕፈት ሥራ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩ በኢሜይል በመጣ ፋይል ተይዞ ሲያገኘው፣ ማሽኑን ፎርማት አስደርጎ ነገሩን እዚያው ከመቅበር ይልቅ፣ ፋይሉን ለላከለትም እሱ ላስተላለፈላቸውም ሁሉ በዚያው ቀን ያሳውቅ። እስካሁን የማየው ልማድ ዝምታ ነው። ቫይረሱን ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚያሻግረው ይኸው ዝምታ ነው።

እንዴት እንደሚገባ በቅርብ ላሳያችሁ። ኢሜይሉ «አስቸኳይ፦ የበጀት ማስተካከያ» ይላል። የላኪው ስም የሚታወቅ ነው። አባሪው የፒዲኤፍ ምልክት ለብሷል፤ ስሙም «ፒዲኤፍ» ብሎ የሚያልቅ ይመስላል። ዊንዶውስ ግን ካልተነካ በስተቀር የሚያውቃቸውን የፋይል ዓይነቶች ቅጥያ ይደብቃል። ስለዚህ ከ«ፒዲኤፍ» ቀጥሎ «ኢኤክስኢ» የሚል ሌላ ቅጥያ መኖሩ፣ ማለትም ፋይሉ ደብዳቤ ሳይሆን ፕሮግራም መሆኑ፣ ለተመልካች አይታይም። ጸሐፊዋ ሁለቴ ትጫናለች። ደብዳቤ ይከፈታል፤ ቁጥርም ማኅተምም አለው። አንብባ ትዘጋዋለች። እሷ ደብዳቤውን ስታነብ ከኋላ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም በተደበቀ ማኅደር ውስጥ ራሱን ይገለብጣል፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ይመዘገባል፤ ከዚያም ሩቅ ካለ ሰርቨር ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ሰርቨሩን የያዘው ሰው የምትጽፈውን ፊደል በፊደል ያነባል፣ የስክሪኑን ምስል ይወስዳል፣ ማይክሮፎኑን ይከፍታል፣ የፈለገውን ፋይል ያወጣል፣ ሌላ ፕሮግራም ቢያሻውም ይጭናል።

ይህ የቅጥያ ማታለያ አዲስ አይደለም። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የጽሑፍ ፋይል መስሎ የገባው በዚሁ መንገድ ነበር። ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎም ቅጥያው በአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ እንደተደበቀ ነው። ማሳየት ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም፤ በፋይል መመልከቻው ላይ አንድ ምርጫ መንካት ብቻ ነው።

በእኛ አካባቢ ሰው «ቫይረስ» ሲል በአብዛኛው ፍላሽ ላይ ያሉ ማኅደሮችን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ማለቱ ነው። እሱ ራሱን ያጋልጣል፤ ባለቤቱ ፋይሌ ጠፋ ብሎ ይጮኻል፣ ወደ ጥገና ይሮጣል። የጓሮ በር የሚከፍተው ግን ዋና ጸባዩ ዝም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ደመወዝ ይሠራበታል፣ ሪፖርት ይወጣበታል። ወራት ቢቆይ የሚያመለክት ነገር ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቦታ በአጋጣሚ ሲገኝ፣ ያገኘው ሰው ካልተናገረ ሌላው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

አሁን ወደ አካባቢያችን ልምጣ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ሥራ ግን መቆም ስለማይችል ፋይል በፍላሽ መጓዝ ያዘ። መስመር ያለው መሥሪያ ቤት ኢሜይሉን ያወርዳል፤ የወረዳው መልእክተኛ በፍላሽ ይወስዳል፤ ከዚያ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ትምህርት ቤት ይበተናል። መኪና ባገኘ ጊዜ ይሄዳል፣ ባላገኘ ጊዜ በእግር። ኢሜይል የማያውቀው ኮምፒውተርም በኢሜይል በመጣ ቫይረስ ይያዛል። ኢንተርኔት የሌለው ማሽን ከሰርቨሩ ጋር ባይገናኝም ተሸካሚ ሆኖ ይቀመጣል፤ አንድ ቀን የአንድ ሰው ስልክ መስመር ሲያጋራው በሩ ይከፈታል። ጸረ ቫይረሱ ደግሞ ያለ እድሳት ከርሟል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ደብዳቤውን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ከውጭ መምጣቱን የሚያሳይ የማይታይ ምልክት ያኖራል። ማይክሮሶፍት ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ይህ ምልክት ባለባቸው የወርድና የኤክሴል ሰነዶች ውስጥ ማክሮ እንዳይሠራ ዘግቷል፤ ማክሮ ማለት ሰነዱ ውስጥ የተደበቀ ትዕዛዝ ነው። ጥሩ መከላከያ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ፍላሽ የተቀረጸበት ፎርማት ያንን ምልክት መያዝ አይችልም። ፋይሉ ወደ ፍላሹ ሲገለበጥ ምልክቱ ይረግፋል። የወረዳው ኮምፒውተር ፋይሉን ሲቀበል እዚያው እንደተጻፈ የቤት ሰነድ ያየዋል፤ የዞኑ ኮምፒውተር ያሳየውን ማስጠንቀቂያ እሱ አያሳይም። ስለዚህ ያው ፋይል ዞን ላይ ሲከፈት ከነበረው አደጋ ይልቅ ገጠር ሲደርስ ያለው አደጋ ይከፋል። ለከተማ መሥሪያ ቤት የተጻፈ የጥንቃቄ መመሪያ ይህንን አያውቀውም።

«እኛን ማን ይፈልገናል?» የሚል ጥያቄ ዘወትር እሰማለሁ። በነዚህ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለውን አስቡት። የገበሬው ስም ከነመሬት ይዞታው፣ የማዳበሪያ ፈላጊዎች ዝርዝር፣ የመምህራን ደመወዝ ከነባንክ ሒሳብ ቁጥሩ፣ የሕሙማን ካርድ፣ የማኅበራት የበቆሎና የበርበሬ ሽያጭ ውል። የሒሳብ ሹሙን ኢሜይል የያዘ ሌባ ለነጋዴው «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» ብሎ በእሱ ስም ይጽፋል። ነጋዴው ከሚያውቀው አድራሻ የመጣ ነውና ያምናል።

ኢትዮጵያዊ ደግሞ በስሙ ተመርጦ የተጠቃበት ታሪክ አለን። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተቃዋሚው የግንቦት 7 ድርጅት ሰዎችን ፎቶ መስሎ የሚመጣ ፋይል መርምሮ በውስጡ ፊንስፓይ የተባለውን የስለላ ፕሮግራም እንዳገኘ፣ ፕሮግራሙ የሚገናኘውም በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ካለ ሰርቨር ጋር እንደሆነ አወጣ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ በውጭ አገር ባሉ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞከረ፤ ፋይሎቹ የዜና ጽሑፍ መስለው ነበር፤ ፕሮግራሙም ሐኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሥራ ነበር። ሰኔ 28 ቀን 2007 ዓ.ም. ኩባንያው ራሱ ተሰብሮ ወደ 400 ጊጋባይት የሚጠጋ ሰነዱ በአደባባይ ሲበተን፣ ከደንበኞቹ መካከል የእናንተ የመረብ ደህንነት ተቋም ስም ተገኘ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ሲቲዝን ላብ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም የፍላሽ ፕሌየር እድሳት መስሎ በኢሜይል ሊንክ ለኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች ይላክ እንደነበር ገለጸ።

በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊም አለ፤ በፍርድ ቤት የታወቀው ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም ነው። በኢሜይል የተላለፈ የወርድ ሰነድ ከፍቶ በኮምፒውተሩ ላይ ፊንስፓይ ለወራት ተቀመጠ። የስካይፕ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ በኢንተርኔት የፈለገውን ሳይቀር ቀዳ። የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ከሰሰ። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. የይግባኙ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ አይደለም በሚል ክሱን ዘጋው። የጓደኛ መልእክት መስሎ የመጣ አንድ ሰነድ የሰውን ቤት ከነልጆቹ እንደሚከፍት ግን መዝገቡ ላይ ቀርቷል።

ይህን የማነሣው ለነቀፋ ብዬ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 808/2006 የአገሪቱን የኮምፒውተር መረብ የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው ለእናንተ ነው፤ ሌላ የምንሄድበት በር የለንም። ሰው ግን ያለፈውን ያውቃል፣ ባያውቅም ሰምቷል። ኮምፒውተሩ መያዙን ለእናንተ ሲናገር ራሱን አሳልፎ የሰጠ ይመስለዋል። በተለይ በዚህ በጦርነት ጊዜ፣ በክልላችን፣ «ማሽኔን መርምሩልኝ» ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ስለዚህ ሪፖርት የማይመጣላችሁ ችግር ስለሌለ አይምሰላችሁ። ያ የስለላ ፕሮግራም ለምን ጥቅም እንደዋለ በግልጽ ብትናገሩና ለእርዳታ የሚመጣ ማሽን ለስለላ እንደማይውል በጽሑፍ ቃል ብትገቡ፣ ሰው በሩን ለማንኳኳት ይደፍራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽተኛው እንዲናገር ግን ሐኪሙ መታመን አለበት።

መናገር እንደምትችሉም አይተናል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሕዳሴው ግድብ ጋር በተያያዘ ከግብፅ የተነሡ ቡድኖች የሳይበር ጥቃት መሞከራቸውን፣ የቡድኖቹን ስም ጭምር ጠርታችሁ ለሕዝብ አሳውቃችኋል። ትክክል ነበር። ያው ግልጽነት አንድ ወረዳ ውስጥ ለተገኘ የኢሜይል ቫይረስም ይደረግ። ሕጉም ከጎናችን ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የመንግሥት አካል በሚያስተዳድረው ሥርዓት ላይ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ወዲያውኑ ለእናንተ እንዲያሳውቅ ግዴታ ጥሏል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ሲደፈር ማሳወቅን ይጠይቃል። በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ኃላፊ ይህን እንደሚያውቅ እናንተው ጠይቁ።

አሁን ለመሥሪያ ቤቶቹ፣ ሲገኝ ምን ይደረግ ለሚለው።

መጀመሪያ ኬብሉን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን ዝጉ። ማሽኑን ከመረብ ማውጣት የጓሮውን በር ይዘጋል፤ ሌባው ግን ገና ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል አትጻፉ፤ የሚጻፈው ይነበባልና። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ንጹሕ ከሆነ ሌላ መሣሪያ ቀይሩ፣ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ አስገቡ፣ «ከሁሉም መሣሪያ ውጣ» የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ በኢሜይሉ ቅንብር ውስጥ መልእክቶችን በራሱ ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትዕዛዝ እንዳለ ተመልከቱ። ብዙ ሰው ይህችን ይረሳታል፤ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮም እያንዳንዱ መልእክት ለሌባው መድረሱ ይቀጥላል።

ከዚያ ምርመራ። ዊንዶውስ 10ና 11 ዲፌንደር የሚባል ጸረ ቫይረስ አብሯቸው አለ። በኛ አካባቢ ግን ተዘግቶ ይገኛል፤ ያልተገዛ ዊንዶውስና ኦፊስ የሚያነቃው ፕሮግራም ሲጫን ጫኙ «ጸረ ቫይረሱን ዝጋው» ይባላልና። የነዚያ ማንቂያዎች ብዙዎቹ ራሳቸው የጓሮ በር ይዘው ይመጣሉ። ዲፌንደርን አብሩት። ኢንተርኔት ከሌለ የቅርብ ጊዜ እድሳቱ ከማይክሮሶፍት ገጽ እንደ አንድ ፋይል ይወርዳል፤ ባሕር ዳር ወይም መስመር ያለበት ቦታ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ቀጥሎ ከምርመራ ምርጫዎቹ «ኦፍላይን» የሚለውን ምረጡ። ማሽኑ ተዘግቶ ይነሣና ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ይመረምራል። ብልጥ ቫይረስ ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ ራሱን ከጸረ ቫይረሱ ይሰውራል፤ በዚህ ሰዓት ግን እሱም አልተነሣም። ከዚያ በኋላ በታስክ ማናጀር ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡትን፣ በታስክ ስኬጁለር ውስጥም በሰዓት የሚቀሰቀሱትን ዝርዝር በዓይናችሁ እዩ። ቫይረሱ ተሰርዞ ቀስቃሹ ከቀረ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የጓሮ በር ተከፍቶበት የነበረ የሒሳብ ወይም የመሬት መዝገብ ማሽንን እኔ አላምነውም። በዚያ በር ሌላ ምን እንደገባ ማንም እርግጠኛ አይሆንም። ሰነዶቹን ብቻ አውጥቶ፣ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጽድቶ፣ ከማይክሮሶፍት በቀጥታ በወረደ ዊንዶውስ እንደገና መጫን ይሻላል። ከጓደኛ የተገለበጠ አሮጌ ጎስት፣ ማለትም ከሌላ ማሽን የተቀዳ የዊንዶውስ ቅጂ፣ አይጫን፤ ቫይረሱ አብሮ ሊገለበጥ ይችላል። ሰነድ ሲወጣም ቅጥያው እየታየ ይሁን፤ «ኢኤክስኢ»፣ ሾርትከትና ማክሮ የያዘ ፋይል አይመለስ። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የተለመደው ነፃ የደህንነት እድሳት መቋረጡን በግዢ እቅዳችሁ አስቡበት። ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ይዛወር።

ፎርማት የሚደረገው ግን አንድ ማሽን ነው። ፋይሉ የተላከላቸው አሥር ወረዳዎች እንዳሉ ናቸው፤ ከሳምንት በኋላ አንዱ ወረዳ ሪፖርቱን በዚያው ፍላሽ መልሶ ያመጣዋል። ባለፈው ክረምት በአንድ መሥሪያ ቤት ያየሁት ይኸው ነበር። ማሽኑ ጸድቶ ወጣ፤ ሰው እንዳይሰማ ተባለ፤ ያንኑ ስም የያዘ ፋይል ከሌላ መሥሪያ ቤት በመጣ ፍላሽ ላይ አገኘሁት። የመጀመሪያው ኃላፊ አንድ ስልክ ቢደውል የሁለተኛው ጸሐፊ ፋይሉን አትከፍተውም ነበር። ኃላፊው የፈራው መወቀስን ነው፤ ጸሐፊዋም ከደመወዝዋ እንዳይቆረጥ ትፈራለች። አባሪ ከፍቶ የተያዘ ሠራተኛ የሚቀጣ ከሆነ፣ ቀጣዩ ሠራተኛ ሲያዝ ይሸሽጋል። ስለዚህ ፈጥኖ የተናገረ እንዳይቀጣ በደብዳቤ ይታወቅ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ከዞንና ከወረዳ መሥሪያ ቤቶች፣ በየጽሕፈት ክፍሉ የገቢ ደብዳቤ መዝገብ እንዳለ ሁሉ፣ በፍላሽ የገባና የወጣ ፋይልም ከማን፣ ለማን፣ መቼ ተብሎ ይመዝገብ፤ ቫይረስ በተገኘ ቀን መዝገቡን ገልጦ ለእያንዳንዱ መደወል የአንድ ሰዓት ሥራ ይሆናል። የሚደውለውም ሰው ከአሁኑ በስም ይመደብ። ከእናንተ፣ ከአስተዳደሩ፣ ኢንተርኔት ለሌለው ቦታ የሚሆን፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ በወረቀትም ሊባዛ የሚችል የማጽጃ መመሪያ፤ የጸረ ቫይረስ እድሳት በየወሩ በዲስክ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚደርስበት መንገድ፤ ማሽን ሳያስረክቡ የተጠረጠረን ፋይል ብቻ ልኮ መልስ የሚገኝበት አድራሻ፤ የተገኘው ፋይል ስምና መልክም የመሥሪያ ቤቱ ስም ሳይጠቀስ ለሌሎች የሚነገርበት ማስታወቂያ። መመሪያውን በአካባቢው ቋንቋና በአካባቢው ማሽን ላይ ለመሞከር የሚረዳ ሰው ከፈለጋችሁ፣ እኔና እንደ እኔ ያሉ የየከተማው የጥገና ባለሙያዎች ያለ ክፍያ እንሠራለን።

መልሳችሁን በዚሁ መንገድ፣ በግልጽ፣ ሁሉም እንዲያነበው እጠብቃለሁ።


የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ሊበን